አመድ ነው አለ ጋሽ ቱፋ

መብራት የሄደ ለት፣ ኮዬ ፈጬ ማታ፣
ደረጃው ተሞላ በሰውና ጫጫታ፤
ከየቤቱ ወጣን ሰገነታችን ላይ፣
ጅራታም ኮከብ አለ ከፉሪ በላይ።

«አረንጓዴ ነው!» አለች ሲፈን፣ በአጎቷ ባይኖኩላር፤
«ምን አረንጓዴ? ቢጫ ነው!» አለች እትዬ የውብዳር፣
ዳቦዋን በፌስታል አቅፋ፣ ከበሯ ደፍ ሳትሻገር።
ፎቶ ያነሳው ጎረምሳ ስልኩን ወደ ሰው አዙሮ፣
«እዩት፣ ሰማያዊ ነው ጅራቱ» ይላል አምርሮ።
ጋሽ ቱፋ፣ የብሎኩ ዘበኛ፣ ባትሪውን ብብቱ ሸጉጦ፣
አየ፣ አየ፣ አየና
«አመድ ነው» አለ ረግጦ።

ከኋላ አንዲት ሴት በሹክሹክታ፣
«ድሮ ይህ ሲወጣ ንጉሥ ይሞታል» አለች ፈርታ።
ማንም አልመለሰላት። ንጉሥ የለን፤ ያለን ካርዱ ያለቀ ቆጣሪ፣
ሊፍት የሌለው ፎቅ፣ ለጀሪካን ወረፋ ስም ጠሪ።

ራበኝና ገባሁ። በጨለማው ቡታጋዙን ለኮስኩ።
(ምንታምር ስትሄድ እሱን ትታልኛለች፤ አልጋዋን እኔው አስጫንኩ።)
ነበልባሉ ሰማያዊ፣ ልቡ አረንጓዴ ቀመስ፤
ፓስታው ገነፈለና ጨዋማው ውሃ ሲፈስ፣
ቢጫ! ድንገት ቢጫ! ያው ምድጃ፣ ያው ጋዝ፣ ያው እጄ።
ማንኪያ እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ሰማይ ምን ይሠራል እደጄ?

ኮከብ አይደለም እኮ። ከከሰል የጠቆረ፣
ፀሐይ ስትወለድ የታሸገ፣ በረዶና አፈር ያሳደረ።
የራሱ ብርሃን የለው። ወደ እሷ ሲቀርብ ይገነፍላል፣
እንደ ድስቴ ክዳኑን ገፍቶ የያዘውን ያወጣል፤
ፀሐይም አንድ በአንድ ትጠራለች፤
ሁሉም በገዛ ቀለሙ «አቤት» ይላል።

የጨው ዘመድ የሆነው በቢጫ ይመልሳል።
አቧራው የራሱ ቃል የለው፤ የእሷኑ ቃል ይደግማል፣
ሲኖትራክ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሲበር እንደሚተወው ደመና፣
ሰፍቶ፣ ተጣሞ፣ ወርቅ ለብሶ ይቀራል እንደተዝናና።
ሰማያዊው ሌላ ነው፤ ኤሌክትሮኑን የተነጠቀ ጋዝ፣
በፀሐይ ነፋስ ተገፍቶ፣
እንደ ሰገነታችን የልብስ ገመድ ቀጥ ብሎ የሚጓዝ።

አረንጓዴው?
አረንጓዴው ጥንድ ነው። ሁለት ካርቦን፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ፤
የምድጃዬ ልብም እነሱው ናቸው።
ኮከቡ ራስ ላይ ያበራሉ፤ ወደ ጅራቱ ግን አይጓዙ፤
ያችው ያበራቻቸው ፀሐይ፣ ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላቸው፣
ትለያቸዋለች። ለዚህ ነው ጅራቱ ላይ የማናያቸው።

ይህን ያነበብኩት ኋላ ነው።
ያን ማታ የማውቀው
ፓስታውን ለሁለት ሰው መቀቀሌን ብቻ ነበር።

አንዱን ሳህን ይዤ ወረድኩ። ጋሽ ቱፋ ዱላውን ተደግፎ፣
አሁንም ወደ ፉሪ ያያል፣ ሰዉ ገብቶ፣ ጫጫታው አልፎ።
«ውሸት አልተናገርኩም» አለ፣ ሳህኑን ሲቀበለኝ፣
«ዓይን በጨለማ ቀለም አይለይም፤ ዘበኝነት ነው ያስተማረኝ።
ሌሊት ቀይ መኪና አመድ ነው፣ አረንጓዴ በርም አመድ፤
ቀለሙማ አለ፤
ዓይኔ ደጃፍ ሲደርስ ነው የሚነድ።»

«በራ!» አለ ሰፈሩ ባንድ አፍ። አምፖሉ ሁሉ ተለኮሰ፤
ቲቪው ጮኸ፣ ፍሪጁ አጓራ፣ ሰማዩ ባንዴ ፈረሰ።
ሽቅብ ስመለስ ሲፈንን አገኘኋት፣ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ፤
ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣
ከመሃል ጀምራ በእርሳስ ታጠቁራለች፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ አጥብቃ።
«መጀመሪያ ጥቁሩን» አለችኝ ቀና ሳትል፤
«ቀለሙ ኋላ ይወጣል።»
ማን እንደነገራት እንጃ።